ጓደኛ የሚጎትተው ቀን

«ቀስ በሉ፤ አያቴ ተኝታለች» አለች ኮቶኔ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ።

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሁለት አሮጊቶች ጫማቸውን አውልቀው ሳይጨርሱ ደፉ ላይ ቀጥ አሉ። እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያም የልጅቷን እናት ሳዮኮን አዩ። ሳዮኮ ዓይኗን ወደ ግድግዳው መለሰች። የአምስት ዓመቷ ኮቶኔ ከአያቷ ከሱሚኤ ፍራሽ አጠገብ በሆዷ ተኝታ፣ አገጯን በመዳፎቿ ደግፋ፣ የሱሚኤን ፊት የሸፈነውን ነጭ ጨርቅ ትጠብቃለች። ጨርቁ ትንሽ እንኳ ከተንቀሳቀሰ ቀድማ ማየት ያለባት እሷ ናት።

አሮጊቶቹ በጣታቸው ጫፍ እየረገጡ ገብተው ተንበረከኩ። አንደኛዋ እንደ ወጉ ትንሿን ደወል ልትመታ እጇን ስትዘረጋ መምቻው የለም። ኮቶኔ ደብቃዋለች። ትናንት ጸሎት ሊያደርሱ የመጡት መነኩሴ እንኳ ከዚች ልጅ አልተረፉም። «ድምፅዎን ይቀንሱ» ብላቸው፣ ምስኪኑ ሰውዬ ያንን ሁሉ ጸሎት በሹክሹክታ ተወጡት።

ወሩ መጋቢት ነው። በመጋቢት በኛ ደሴት ላይ ባሕሩ የት ጋ አልቆ ጭጋጉ የት ጋ እንደሚጀምር የሚያውቅ የለም። ጭጋጉ ግቢ ይገባል፣ የወረቀት በሮቹ ላይ ይለጠፋል፣ ጠዋቱንም ከሰዓቱንም አንድ ዓይነት ነጭ ያደርገዋል። ሳዮኮ ከሐሙስ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኗ ስላልዞረ ሰዎች ሲገቡና ሲወጡ የምታያቸው ውኃ ውስጥ ሆና ይመስላት ነበር። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጎነበሳሉ፤ እሷም ትጎነበሳለች። ማን እንደመጣና ማን እንደሄደ ግን ብትጠየቅ አታውቅም።

እናቷ የሞተችው ሐሙስ ዕለት በመንደሪን ማሳዋ ውስጥ ነው። የቅርንጫፍ መቁረጫዋን እንደያዘች ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ አገኟት። ሳዮኮ ልጇን ይዛ ከሂሮሺማ በጀልባ ስትደርስ ኮቶኔ ቀድማ ሮጣ ገባችና «አያቴ ለምን አትነሳም?» ብላ ጠየቀች። ሳዮኮ አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች። «ደክሟት ነው የኔ ቆንጆ፤ ተኝታለች።» ይኸው ነው፣ ሌላ አላለችም። የተናገረችውን መልሳ መዋጥ ግን አልቻለችም። ነገ እሁድ ሱሚኤ ሣጥን ውስጥ ትገባለች፣ ክዳኑ በሚስማር ይመታል፣ ጀልባ ላይ ተጭና ማዶ ወዳለው ማቃጠያ ቤት ትሻገራለች። እስከዚያ ካልተነገራት ኮቶኔ የተኛች አያቷን እሳት ውስጥ ሲከቷት ልታይ ነው። ሳዮኮ ይህን ባሰበች ቁጥር አፏን ለመክፈት ትሞክራለች፤ ምላሷ ግን ይታሰራል።

«ነገ ልጅቷን እኔ ቤት እወስዳታለሁ» አለቻት አክስቷ ዮሺኖ፣ ሻይ እያቀረበችላት። ዮሺኖ የሟቿ ታላቅ እህት ናት። ሰማንያ ሊሞላት ጥቂት ነው የቀራት፤ የለቅሶ ሥርዓት ላይ ደሴቲቱን በሙሉ የምታዘው እሷ ናት። «ቴሌቪዥን እከፍትላታለሁ። ስትመለስ አያትሽ ሩቅ አገር ሄደች ትያታለሽ። ልጅ አይደለች? ትረሳዋለች።»

ሳዮኮ ኩባያውን እንደያዘች ቀረች። «ሩቅ አገር» አለች።

«ምን ነውር አለው?»

«አባቴም የሄደው እዚያው ነበር፣ አክስቴ።»

ዮሺኖ የታጠበ ኩባያ አንስታ እንደገና ማጠብ ጀመረች።

ሽኝቱ ዛሬ በሆነ ነበር። ዛሬ ግን ጓደኛ የሚጎትተው ቀን ነው። ቀን መቁጠሪያችን ላይ በየስድስት ቀኑ ይመጣል። በዚህ ቀን የተሸኘ ሰው ብቻውን አይሄድም፣ የሚወደውን ይዞ ይሄዳል ስለሚባል ማቃጠያ ቤቱም ይዘጋል። ሱሚኤ በዕድሜዋ ላይ ያልተቆጠረ አንድ ቀን ተሰጥቷት ቤቷ ዋለች። ዮሺኖም ለማንኛውም ብላ አንዲት የጨርቅ አሻንጉሊት አምጥታ ትራሷ አጠገብ አስቀመጠችላት።

«ጓደኛ ካማራት ይቺን ትውሰድ» አለች።

የድሮው የጀልባ ካፒቴን ጋሽ ቶኩጂ እግሩን አጥፎ ጥግ ላይ ተቀምጧል። «ሱሚኤን አሻንጉሊት አይሸውዳትም» አለ። «ጓደኛ ልጎትት ካለች አንቺን ነው የምትወስደው። እዚያ ከማን ጋር ትጨቃጨቅ?»

«አፍህን ዝጋ፣ አንተ ሽማግሌ!»

«ሽሽሽ!» አለች ኮቶኔ ከፍራሹ አጠገብ፣ በቁጣ።

ሁለቱም ስድባቸውን በሹክሹክታ ቀጠሉ።

ትንሽ ቆይቶ ጋሽ ቶኩጂ ለመሄድ ተነሳ። በኮቶኔ አጠገብ ሲያልፍ ኪሱ ገብቶ አንዲት ከረሜላ መዳፏ ላይ አኖረላትና ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። ሳዮኮ ይህን እጅ ታውቀዋለች። ይህን ፊት ማዞርም ታውቀዋለች።

አባቷ ኢሳዎ ከነጀልባው ሲሰጥም እሷ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሱሚኤ ልጇን አስቀምጣ «አባትሽ ሩቅ አገር ሥራ ሄዷል» አለቻት። ፎቶው ዮሺኖ ቤት ተወሰደ፣ የሙታን መሠዊያውም እዚያው ተሠራ፤ ሱሚኤ ባሏን የምታለቅሰው እህቷ ቤት እየሄደች ነበር። ደሴቲቱ በሙሉ ነገሩን አውቆ ዝም አለ። ትንሿ ሳዮኮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደብ ላይ ትቆማለች። ጀልባው ይመጣል። ወጣቱ ካፒቴን ቶኩጂ ይወርዳል፣ መዳፏ ላይ ከረሜላ ያኖራል፣ ባሕሩን ያያል። ሳዮኮ ከረሜላውን አባቷ የላከላት ይመስላት ነበር።

በጋ መጣ፣ የሙታን በዓልም ደረሰ። ፋኖሶቹ ባሕሩ ላይ ሲለቀቁ መነኩሴው በዚያ ዓመት የሞቱትን ሰዎች ስም ጠሩ። ከስሞቹ መካከል አንዱ የአባቷ ነበር። ሳዮኮ ዙሪያዋን ተመለከተች። አንድም ሰው አልደነገጠም። ሁሉም ሲያውቅ ኖሯል፤ ሳታውቅ ወደብ ላይ ስትቆም የኖረችው እሷ ብቻ ናት። አላለቀሰችም። እናቷን ግን እስከ መንደሪን መልቀሚያ ድረስ አላናገረቻትም፣ ከዚያ በኋላም እንደ ድሮው አላናገረቻትም።

ማድ ቤት ውስጥ ሃሩኤ ሩዝ እያድቦለቦለች ነው። ሃሩኤ ዓሣ ሻጭ ናት፤ ባሏ ካረፈ ሁለት ክረምት አልፎታል። ሴት ልጇ ናጊሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ውጭ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ታወዛውዛለች።

«እኔ እናትሽን አልወዳትም ነበር» አለች ሃሩኤ ቀና ሳትል፣ በሹክሹክታ። «አትቀየሚኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ሰብስባ የሥዕል መጽሐፍ ታነባለች ሲሉኝ ደግ ሥራ ነው አልኩ። ታችኛው መደርደሪያ ላይ ያሉት ስለ ሞት ናቸው ሲሉኝ ግን፣ ይቺ ሴትዮ ምን ዓይነት ሟርተኛ ናት ብዬ ናጊሳን ከለከልኳት። ዓሣ ልትገዛኝ ስትመጣ እንኳ ኮሳሳ ኮሳሳውን ነበር የምሰጣት።»

«ታውቅ ነበር?»

«እንዴት አታውቅም? 'ዛሬም ይሄ ዓሣ አኩርፏል' ትለኝና ትወስደዋለች።» ሃሩኤ እጇን ጨው ውኃ ውስጥ ነከረች። «በኋላ ባሌ ሆስፒታል ገብቶ ሳይመለስ ቀረ። ናጊሳ 'አባቴ መቼ ነው የሚመጣው' ባለችኝ ቁጥር 'ሲሻለው' እላታለሁ። መጨረሻ ላይ እግሬ እዚህ ይዞኝ መጣ። ምን ብዬ ልንገራት እማማ ብዬ ተንሰቀሰቅኩባት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?»

«ምን አለችሽ?»

«'መጀመሪያ አፍንጫሽን ጥረጊ። መጽሐፌ ላይ ታንጠባጥቢያለሽ።'»

ሳዮኮ ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባትና አፏን በክንዷ ከደነች፤ ኮቶኔ እንዳትሰማ።

«ከዚያ ለሁለታችን አነበበችልን» አለች ሃሩኤ። «ያ ቃል ያለበት ገጽ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ትንሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ናጊሳ ልትጫወት ስትወጣ ግን ከየት እንደመጣ እንጃ፣ 'እኔ ይህን ቃል ለልጄ አልነገርኳትም። ሌላ ሰው ነገራት' አለችኝ። እኔም ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።»

ሳዮኮ ታውቀዋለች መጽሐፉን። አባቷ በሰጠመበት ዓመት፣ መንደሪኑ ተለቅሞ ሲያልቅ፣ ሱሚኤ ማዶ ተሻግራ አንድ የሥዕል መጽሐፍ ገዝታ መጣች። ሽፋኑ ላይ ጥንቸልና አሮጊት ጉርጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። «ነይ እናንብብ» ብላ ስትከፍተው ሳዮኮ በመዳፏ ዘጋችው። ሱሚኤ አልታገለቻትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን የጎረቤት ልጆችን ጠርታ በረንዳው ላይ አስቀመጠችና ማንበብ ጀመረች፤ ሦስት ልጅ ሳይሆን ሙሉ ወደብ የምታስተምር ይመስል ጮክ ብላ። ሳዮኮ ከወረቀት በሩ ጀርባ ነበረች። አንድ ገጽ ላይ ሲደረስ ጆሮዋን ደፈነች። በቀጣዩም ቅዳሜ እንዲሁ፣ በሌላውም እንዲሁ። መጽሐፎቹ በዙ፣ መደርደሪያ ተሠራላቸው፣ ልጆቹ አድገው የራሳቸውን ልጆች ላኩ። ሳዮኮ አድጋ ከተማ ገባች፣ አገባች፣ ፈታች። የዚያን መጽሐፍ መጨረሻ ግን እስከ ዛሬ አልሰማችም። እናቷ ስንት ዓመት ሙሉ በሩን እያየች ለማን ስትጮህ እንደኖረች ልቧ ያውቀዋል፤ አንድ ቀን በሩን ከፍታ አለመግባቷ አሁን አንገበገባት።

ከውጭ የቦት ጫማ ኮቴ ተሰማ። ቀጥሎ ሌላ። ልጆች ከጭጋጉ ውስጥ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ መጀመሪያ ቢጫ ኮፍያ፣ ቀጥሎ ቀይ ቦርሳ፣ ከዚያ ፊት። ቀኑ ቅዳሜ ነው። ዮሺኖ በሩ ላይ የሐዘን ማስታወቂያ ለጥፋለች፣ የሚያምር ወፍራም የቀለም ጽሕፈት ነው። ልጆቹ ግን እነዚህን ፊደላት ገና አልተማሩም።

«እማማ ሱሚኤ! መጣን!»

«ሽሽሽ!» አለች ኮቶኔ።

ዮሺኖ ከተቀመጠችበት ተፈናጥራ በሩ ላይ እጇን ዘረጋች። «ሂዱ ወደ ቤታችሁ! ዛሬ አይሆንም! ደግሞ በዚህ ቀን!»

ሳዮኮ ተነሳች። «ይግቡ፣ አክስቴ።»

«አብደሻል? ጓደኛ የሚጎትተው ቀን እኮ ነው! የሌላ ሰው ልጆች ናቸው!»

«እናቴ እነሱን ስትጎትት ነው ዕድሜዋን የጨረሰችው። ይግቡ።»

ልጆቹ ገቡ። ማንም ሳያዛቸው በየተራ እጃቸውን ታጠቡ፣ በልብሳቸው አደረቁ፣ በታታሚው ምንጣፍ ላይ በግማሽ ክብ ተቀመጡ። ናጊሳም መጥታ ከፊት ተቀመጠች። በመሃሉ ያለው በር ስለተከፈተ ፍራሹና ነጩ ጨርቅ ከሁሉም ይታያሉ። ልጆቹ አዩ፣ ከዚያ ወደ ሳዮኮ ዞረው ጠበቁ። ኮቶኔም እየዳኸች መጥታ በሁለቱ ክፍሎች መሃል፣ ደፉ ላይ ተቀመጠች፤ አንድ ዓይኗ ከአያቷ እንዳይርቅ።

ሳዮኮ እናቷ ለማንበብ ትቀመጥበት በነበረው መከዳ ላይ ተንበረከከች። እጇ ሳታዘው ወደ ታችኛው መደርደሪያ ሄደ። የጉርጧ መጽሐፍ ጠርዞቹ በፕላስተር ተለጣጥፈዋል።

ጥንቸሏና አሮጊቷ ጉርጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዝናብ ያያሉ። ክረምቱ ሲመጣ ጉርጧ አፈር ውስጥ ትገባለች። ብርዱ ሲያልፍ ጥንቸሏ መጥታ መሬቱን ታንኳኳለች። ጉርጧ አትወጣም። ቅጠል ታመጣላታለች፣ አትወጣም። ዘፈን ትዘፍንላታለች፣ አትወጣም። ሳዮኮ ገጹን ስትገልጥ ቡናማ አፈር ብቻ ሆነ፤ ከመሃሉ ትንሽዬ ጉርጥ ዓይኗን ጨፍናለች። ከሥር አጭር መስመር ተጽፏል። ሳዮኮ መስመሩን አየችው። ቀና ስትል ከኮቶኔ ዓይን ጋር ተገጣጠመች።

«ጉርጧ ተኝታለች» ብላ አነበበች።

ቤቱ ተናጋ።

«እንደሱ አይልም!»

«ዘለልሽው!»

«'ሞታለች' ነው የሚለው! 'ጉርጧ ሞታለች' ነው!»

ናጊሳ በጉልበቷ ሄዳ መስመሩ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «እዚህ ጋ ነው» አለች፣ ሳዮኮ ማንበብ የማትችል መስሏት። «እማማ ሱሚኤ ይሄን አትዘልም። ስናለቅስ እንኳ አትዘልም። እያለቀስን ትጠብቀንና ታነበዋለች።»

ሳዮኮ የትንሿን ጣት አየች። ጆሮ መድፈን አሁን አይቻልም፤ ሁለቱም እጆቿ መጽሐፉን ይዘዋል።

«ጉርጧ ሞታለች» ብላ አነበበች። «ጥንቸሏ ብትጠራት አትሰማም። አይበርዳትም፣ አይርባትም። ተመልሳም አትመጣም። ጥንቸሏ በጣም፣ በጣም አለቀሰች።»

«እማ» አለች ኮቶኔ። «አያቴስ?»

ማድ ቤት ውስጥ የሳሕን ድምፅ ቆመ።

«አያትሽም ሞታለች» አለች ሳዮኮ። ድምፅዋ እንደ እናቷ አልጸናም፣ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ወጣ። «ተኝታለች ያልኩሽ ዋሽቼሽ ነው። ልነግርሽ ፈርቼ ነው የኔ ልጅ። አትነሳም።»

«ነገም?»

«ነገም።»

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜም አትነሳም።»

የኮቶኔ ፊት ቀስ እያለ ቀላ። ተነስታ መጣችና የእናቷን ጉልበት በቡጢዋ መታች። «እኔ እኮ ሁሉንም ዝም አሰኝቻለሁ!» ብላ ጮኸች። «እንዳትቀሰቅሷት ብዬ! መነኩሴውን እንኳ!» ከዚያ አፏን ከፍታ አለቀሰች፤ ከሐሙስ ጀምሮ ያጠራቀመችውን ሁሉ። ሳዮኮ አቀፈቻትና አብራት አለቀሰች፤ ለእናቷ፣ ደግሞም ወደብ ላይ ለቆመችው ለዚያች ልጅ። ወደ ማድ ቤት የተመለሰችው ዮሺኖ መጥረጊያ ጨርቁን ፊቷ ላይ ጭና ትንሰቀሰቃለች። የኢሳዎን ፎቶ የደበቀችው እሷ አይደለችም እንዴ?

ልጆቹ አላቋረጧቸውም። እንደዚህ ዓይነት ጊዜ ላይ እንደሚጠበቅ ተምረዋል።

«አሁን ግለጪው» አለች ናጊሳ በመጨረሻ። «ገና አላለቀም።»

ሳዮኮ ኮቶኔን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቀሪውን ገጽ አነበበች። ዝናብ መጣ። ጥንቸሏ ወጥታ በድሮው ቦታዋ ተቀመጠች፤ ጠጋ ሳትል፣ የጉርጧን ቦታ እንደተወች። በቃ፣ ይኸው ነበር መጨረሻው። ሳዮኮ ይህን ያህል ዓመት ይህንን አለመስማቷን እያሰበች መጽሐፉን ሳትዘጋ ብዙ ቆየች።

እሁድ ጠዋት ጭጋጉ ሳስቶ ባሕሩ ታየ። ሱሚኤን ከመንደሪን ቅጠል ጋር ሣጥን ውስጥ አስገቧት። ዮሺኖ ካፖርቷን እንደለበሰች ልጅቷ ፊት ተንበረከከች።

«እኔ ቤት ትሄጃለሽ ወይስ እዚህ ትሆኛለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«እዚህ» አለች ኮቶኔ።

ክዳኑ ተገጠመ። በኛ ደሴት የመጨረሻውን ሚስማር የሚመቱት ዘመዶች ናቸው፤ ከባሕር ዳር በመጣ ድንጋይ፣ በየተራ፣ ቀስ ብለው። ዮሺኖ መታች። ሳዮኮ መታች። ድንጋዩ ኮቶኔ እጅ ሲደርስ ልጅቷ አንስታው እናቷን አየች።

«አያማትም አይደል?»

«አያማትም።»

«ስለሞተች?»

«ስለሞተች።»

ኮቶኔ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ መታችው። ድምፁ ሰው ከጠበቀው በላይ ጠንክሮ ወጣ። ልጅቷ ድንጋዩን ለእናቷ መለሰችላት። ከዚያ ክዳኑ ላይ ጎንበስ አለችና፣ የመታችበትን ቦታ እፍ፣ እፍ አለችበት።

ሳዮኮም አጠገቧ ጎንበስ ብላ አብራት እፍ አለች።